ሱፐርቫይዘር፦ የት ላይ አምነዋለሁ፣ የት ላይ አላምነውም

ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ቀን ከሌት መሮጥ ያለባቸው ፕሮግራሞች ካሏችሁና የሚጠብቃቸው ነገር እየፈለጋችሁ ከሆነ ሱፐርቫይዘርን ጫኑ እላለሁ። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለ ስለሆነ በብዙ ሰው እጅ ተፈትኗል። እኔ የያዝኩት ግን ስለ ዕድሜውም ስለ ዋጋውም ብዬ አይደለም። የሚጠብቃቸውን ፕሮግራሞች ራሱ ስለሚወልዳቸው፣ አንዱ ሲሞት ከከርነሉ፣ ማለትም ከሊኑክስ እምብርት፣ በቀጥታ ይነገረዋል። አለ ወይስ የለም ብሎ መገመት አያስፈልገውም። ይህ ለሰሚው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በሰርቨር ሥራ ላይ ለቆየ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ መድኃኒት በጅምላ በሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ሰርቨራችን አንድ ነው፤ ኡቡንቱ ተጭኖበታል። ሠራተኛው በብሮውዘር የሚከፍተው ሲስተም አለ። ከሱ ጀርባ ደግሞ ማንም የማያያቸው ፕሮግራሞች ይሮጣሉ፦ ትእዛዝ ከመጋዘን ሲወጣ ለፋርማሲው ኤስኤምኤስ የሚልክ፣ የቅርንጫፎችን ክምችት ከዋናው ጋር የሚያስታርቅ፣ የወር መጨረሻ ሪፖርት በፒዲኤፍ የሚያዘጋጅ። የፊተኛው ሲስተም ሲቆም ቢሮው በሙሉ በአንዴ ይጮሃል። እነዚህ ሲሞቱ ግን የሚሰማ ሰው የለም፤ የሚታወቀው ደንበኛ ሲደውል ነው። ኤስኤምኤስ ላኪው መሞቱን ያወቅነውም የመጋዘን ኃላፊያችን ስልክ ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ክፍሌ ገብተው «ልጄ፣ ዕቃው ከወጣ ቆየ እኮ፤ ሰዎቹ ግን መልእክት አልደረሰንም ይላሉ፤ ምንድነው ነገሩ?» ሲሉኝ ነበር።

ያኔ የነበረን ዘዴ ዛሬም በብዙ ቢሮ የማየው ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ የፕሮሰስ (እየሮጠ ያለ ፕሮግራም) ቁጥሩን፣ ማለትም ፒዱን፣ አንድ ፋይል ላይ ይጽፋል። ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስጀምረው የሊኑክስ ፕሮግራም) በየ5 ደቂቃው የሚያስነሣው ስክሪፕት ያን ቁጥር ያነብና ለቁጥሩ ባለቤት ሲግናል 0 ይልካል፤ ሲግናል ለፕሮሰስ የሚላክ አጭር ምልክት ነው። ሲግናል 0 ማንንም አይነካም፤ በዚያ ቁጥር የሚጠራ ፕሮሰስ ካለ ጥሪው ይሳካል፣ ከሌለ ስሕተት ይመልሳል። ስክሪፕቱ ከተሳካለት ዝም ይላል፤ ካልተሳካለት ፕሮግራሙን እንደገና ያስነሣል። አሁን መብራት ሄደ እንበል። ዩፒኤሱ አቅሙ ሲያልቅ ሰርቨሩ ይጠፋል፤ ፋይሉ ግን የተቀመጠው ፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ከነቁጥሩ ይቆያል። መብራት ሲመጣ ከርነሉ ቁጥር ማደሉን ከ1 ይጀምራል፤ ትናንት የኤስኤምኤስ ላኪው የነበረው ቁጥር ዛሬ ለሌላ ይደርሳል። ስክሪፕቱ ቁጥሩን ፈልጎ ያገኘዋል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ኤስኤምኤስ ላኪው በሞተበት ዕለት ቁጥሩን ይዞ የተገኘው የሰርቨሩን ሰዓት የሚያስተካክለው ፕሮግራም ነበር። ስክሪፕቱ ስለ እሱ ደኅንነት በየ5 ደቂቃው «አለ» ሲል ውሎ አድሯል።

ሱፐርቫይዘር ከዚህ የሚለይበትን ለማየት፣ ሊኑክስ ላይ ወላጅ ፕሮሰስ የልጁን ነገር እንዴት እንደሚያውቅ መናገር አለብኝ። አንድ ፕሮሰስ ሌላውን የሚወልደው ፎርክ በሚባለው ጥሪ ነው። የተወለደው ልጅ ኤግዜክ ብሎ የሌላ ፕሮግራም ኮድ ይጭናል፤ ወላጁ ማን እንደሆነ ግን ከርነሉ መዝግቦ ይይዛል። ልጁ ሲሞት የያዘው ራም ይለቀቃል፣ የከፈታቸው ፋይሎች ይዘጋሉ። በፕሮሰሶች ሠንጠረዥ ላይ ያለው መስመሩ ግን አይሰረዝም፤ እንዴት እንደሞተ እዚያ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። ከርነሉ ለወላጁ ሲግቻይልድ የሚባል ሲግናል ይልካል፤ መርዶ ማለት ነው። ወላጁ ዌይት ወይም ዌይትፒድ ብሎ መርዶውን እስኪቀበል ድረስ ሟቹ ከነቁጥሩ እዚያው ይቆያል። ዞምቢ የሚባለው ይኸው ነው፤ የፕሮሰሶችን ዝርዝር የሚያሳየውን ቶፕ ስትከፍቱ ዜድ ተብሎ ይታያል። ዞምቢ በሲግኪል፣ ማለትም በግድ በሚገድለው ሲግናል፣ አይገደልም፤ ቀድሞ ሞቷልና። ሲግናል 0 ብትልኩለት ግን ጥሪው ይሳካል። የፒድ ፋይሉ ስክሪፕት በዚህም በኩል ይታለላል ማለት ነው፤ የሞተውን ፕሮሰስ «አለ» ይለዋል።

ዌይትፒድ የሚመልሰው ነገር «ሞቷል» ብቻ አይደለም። አሟሟቱን በአንዲት ቁጥር ያስረክባል። የታችኞቹ 7 ቢቶች የገደለውን ሲግናል ይይዛሉ፤ ቀጥላ ያለችው ቢት ኮር ደምፕ (ሲሞት የነበረውን የራም ይዘት ቅጂ) መጣሉን ትናገራለች፤ ከዚያ በላይ ያሉት 8 ቢቶች ፕሮግራሙ በራሱ ሲወጣ የተናገረውን ኤግዚት ኮድ ይይዛሉ። ፓይተን ላይ ጥሬውን ቁጥር አሳትማችሁ ተመልከቱት፦ ኤግዚት ኮድ 1 ብሎ የወጣ ልጅ 256 ሆኖ ይመጣል፤ በሲግኪል የተገደለ ደግሞ 9 ሆኖ። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ሞቶች ናቸው። የመጀመሪያው «አልቻልኩም» ብሎ የወጣ ነው፤ ሁለተኛው ምንም ለማለት ጊዜ ያላገኘ። ትእዛዝ የምንጽፍበት ባሽ ሁለተኛውን በ128 ላይ ደምሮ 137 አድርጎ ያሳየናል። ይህን ልዩነት ከርነሉ የሚያስረክበው ለወላጁ ነው። ከጎን ሆኖ በፒድ ፋይል የሚሰልል ስክሪፕት አሟሟቱን የሚያገኝበት መንገድ የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ፕሮግራም ጻፊ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሲግቻይልድ አይደረደርም። ወላጁ ሌላ ነገር ላይ ሳለ ሦስት ልጆች ተከታትለው ቢሞቱ የሚደርሰው አንድ ሲግናል ብቻ ሊሆን ይችላል። አንድ ሲግናል አንድ ሞት ነው ብሎ ዌይትፒድን አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠራ ወላጅ ሁለቱን ዞምቢ አድርጎ ያስቀራል። ትክክለኛው መንገድ «የማንኛውም ልጅ ቢሆን፣ ካለ ስጠኝ፤ ከሌለ አታስጠብቀኝ» የሚለውን የዌይትፒድ አጠራር የቀረ የለም እስኪባል መደጋገም ነው። አታስጠብቀኝ የሚለው ነገር ደብልዩኖሀንግ ይባላል፤ ያለሱ ወላጁ ራሱ እዚያው ደርቆ ይቀራል፣ ሌሎች ልጆቹንም የሚያይ አይኖርም።

ሱፐርቫይዘር የተጻፈው በፓይተን ስለሆነ ኮዱን ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ እናንተም እዩት፣ አያስቸግርም። ሲግቻይልድ ሲደርሰው ልጅ መሞቱን ሎግ (የክንውን መዝገብ) ላይ ከማስፈር ሌላ ምንም አያደርግም። እውነተኛው ሥራ ያለው ዋናው ዙር ላይ ነው። ሌላ የሚቀሰቅሰው ነገር ባይኖር እንኳ በየ1 ሴኮንዱ ገደማ ይነቃል፣ ዌይትፒድን በደብልዩኖሀንግ ይጠራል፣ ሟች ካገኘ ይቀበልና ቀጣዩን ይጠይቃል፤ እስኪያልቅ። በአንድ ዙር እስከ 100 ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ ሲግናል ቢዋጥበትም፣ ሁለቱ አንድ ሆነው ቢደርሱትም ግድ የለውም፤ በሚቀጥለው ሴኮንድ ያገኘዋል። ከራሱ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ቁጥር ከመጣለትም ተቀብሎ «የማላውቀው ፒድ» ብሎ ሎግ ላይ ይጽፈዋል። ሲግናሉ ላይ ብቻ ተደግፎ የቆመ መሣሪያ ቢሆን ኖሮ አላምነውም ነበር።

አሁን ከሥራችን አንድ ነገር ላሳያችሁ። በወር መጨረሻ ሪፖርት የሚያዘጋጀው ፕሮግራም አልፎ አልፎ ይሞት ነበር። በድሮው ዘዴ የምናውቀው መሞቱን ብቻ ነው፤ የራሱ ሎግ መሐል ላይ ይቋረጣል፣ የስሕተት መልእክት የለም፣ ሰው ሁሉ ኮዱን ይጠረጥራል። ሱፐርቫይዘር ስር ካስገባሁት በኋላ የሱፐርቫይዘር ሎግ ላይ አንድ መስመር ወጣ፦ ፕሮግራሙ በሲግኪል ተገደለ፣ የማይጠበቅ አወጣጥ ነው። ከማናችንም እጅ ሲግኪል አልወጣም። እንግዲህ ማን ላከው? የከርነሉን መልእክት በዲሜሴጅ ስከፍት እዚያው ሰዓት ላይ ራም አልቆ ከርነሉ ራሱ ትልቁን ፕሮሰስ መርጦ እንደገደለ ተጽፏል። የፒዲኤፍ ማዘጋጃው የአንድ ወር ደረሰኝ በሙሉ አንዴ ራም ላይ ያነሣ ነበር። ኮዱ በየቅርንጫፉ ከፋፍሎ እንዲሠራ ተደረገ፤ ነገሩም አበቃ። ያቺን መስመር ሊጽፍ የሚችለው ወላጅ ብቻ ነበር፤ ሟቹ እንዲጽፍ ጊዜ አልተሰጠውም።

ወደ አጠቃቀሙ ልምጣ። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ጥቂት መስመር ያላት አንዲት የቅንብር ፋይል ትጽፋላችሁ፦ ስሙ፣ ትእዛዙ፣ በየትኛው ዩዘር እንደሚሮጥ፣ ሎጉ የት እንደሚገባ። ከዚያ በሱፐርቫይዘር መቆጣጠሪያው ትእዛዝ ሪሪድ፣ ቀጥሎ አፕዴት ትላላችሁ። ስታተስ ስትሉ የሁሉም ስም ከነሁኔታው፣ ከነፒዱና ከቆየበት ሰዓት ጋር በአንድ ገጽ ይመጣል። ሁኔታዎቹን ማንም ቶሎ ይለምዳቸዋል፦ እየተነሣ፣ እየሮጠ፣ ተነሥቶ ስለወደቀ እየጠበቀ፣ በራሱ የወጣ፣ ተስፋ የተቆረጠበት። የመጨረሻው ፌታል ይባላል፤ ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው ቃል እሱ ነው። ሎጎቹንም 50 ሜጋባይት ሲደርሱ ራሱ እየቆረጠ 10 አሮጌ ያስቀምጣል፤ ዲስክ በሎግ ሞልቶ ሰርቨር ሲቆም ላየ ሰው ይህ ዋጋ አለው።

ሲጫን ይዟቸው የሚመጣቸው ቅንብሮች ግን ለኛ አገር ሰርቨር አይሆኑም። አንድ ፕሮግራም 1 ሴኮንድ ከቆየ ተነሥቷል ብሎ ይቆጥረዋል። ቶሎ ከወደቀ 3 ጊዜ እንደገና ይሞክራል፤ በመሐል የሚጠብቀው ጊዜ በየሙከራው ቢጨምርም ሁሉም በጥቂት ሴኮንዶች ያልቃል፤ ከዚያ ፌታል። መብራት ተቋርጦ የተነሣ ሰርቨር ላይ ዳታቤዙ የተቋረጠውን እስኪያስተካክል ድረስ ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ኤስኤምኤስ ላኪው ይነሣል፣ ዳታቤዝ ያጣል፣ ይወድቃል፤ ሙከራው ያልቅና ዳታቤዙ ዝግጁ ሲሆን እሱ ፌታል ላይ ነው። ከዚያ ሰው እስኪነካው አይነሣም። የማስነሣት ቅደም ተከተል የሚሰጥ ቅንብር አለ፤ የፊተኛው ዝግጁ እስኪሆን ግን አይጠብቅም። ስለዚህ የሙከራውን ቁጥር ወደ 20 አሳድጉት፤ ተነሣ የሚባልበትንም ጊዜ 10 ሴኮንድ አድርጉት።

ሁለተኛው ቁጥር በሌላ በኩልም ይጠቅማል። ሱፐርቫይዘር ሙከራ የሚቆጥረው ተነሣ ከመባሉ በፊት ለወደቀ ብቻ ነው። 1 ሴኮንድ አልፎ በ3ኛው ሴኮንድ የሚሞት ፕሮግራም በየጊዜው «ተነሥቷል» ስለሚባል ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። መጨረሻ የሌለው መነሣትና መውደቅ ይሆናል፤ ስታተስ ብላችሁ ስታዩት ብዙውን ጊዜ እየሮጠ ነው ይላችኋል። የሚያጋልጠው የቆየበት ሰዓት ነው፤ ሁልጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ይሆናል።

ደግሞ፣ አንድ ፕሮግራም ኤግዚት ኮድ 0 ብሎ ከወጣ ሱፐርቫይዘር ሥራውን ጨርሶ የወጣ ነው ብሎ ይተወዋል። ለኤስኤምኤስ ላኪ «ጨርሶ መውጣት» የሚባል ነገር የለም። ግንኙነት ሲቋረጥበት በሰላም 0 ብሎ የሚወጣ ፕሮግራም ካላችሁ፣ ምንም ኮድ ቢመልስ እንዲነሣ የሚያደርገውን ምርጫ አስገቡለት። ከ4.0 በፊት 2 የሚለው ኮድም እንደ ሰላም አወጣጥ ይቆጠር ነበር፤ አሮጌ ሰርቨር የተረከበ ሰው ይህን ይይ።

እስካሁን ያመሰገንኩበት ነገር ወላጅነቱ ነው። የማላምንበት ቦታም የሚመጣው ከዚያው ነው። ከርነሉ ለወላጅ የሚነግረው ሞትን ነው፤ ሥራ መፍታትን አይነግረውም። የክምችት አስታራቂያችን የቅርንጫፍ ኢንተርኔት መሐል ላይ ሲቋረጥ መልስ እየጠበቀ ደርቆ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። ሕያው ነው፣ ፒድ አለው፣ ሱፐርቫይዘር ጋ እየሮጠ ነው ይላል፤ ሥራ ግን የለም። ሱፐርቫይዘር ለዚህ በራሱ ያዘጋጀው ነገር የለም። ሱፐርላንስ የሚባል ተጨማሪ ፓኬጅ አለ፤ ኤችቲቲፒ የሚመልስ ፕሮግራም ከሆነ በየጊዜው እየጠየቀ መልስ ሲያጣ የሚያስነሣ፣ ራም ከልክ በላይ ሲበላ የሚያስነሣ፣ ሳይጠበቅ ሲሞት ኢሜይል የሚልክ አሉበት። አስታራቂው ኤችቲቲፒ ስለማይመልስ እኔ ያደረግኩት ሌላ ነው፦ አንድ ዙር በጨረሰ ቁጥር የአንዲት ፋይል ሰዓት ያድሳል፤ ፋይሏ ከ15 ደቂቃ በላይ ካረጀች ትንሽ ስክሪፕት ሪስታርት ያደርገዋል። ለኔትወርክ ጥሪዎቹም የጊዜ ገደብ ተሰጣቸው፤ የዚህ በሽታ ዋናው መድኃኒት እሱ ነው።

ሁለተኛው የልጅ ልጅ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ፕሮግራሙን በቀጥታ አይሰጠውም። መጀመሪያ የአካባቢ ተለዋዋጮችን የሚያዘጋጅ የባሽ ስክሪፕት ይጽፍና እሱን ይሰጣል። ያን ጊዜ የሱፐርቫይዘር ልጅ ባሽ ነው፤ እውነተኛው ፕሮግራም የልጅ ልጅ ነው፣ ዌይትፒድም ስለ ልጅ ልጅ አይናገርም። ስቶፕ ስትሉ ሲግተርም፣ ማለትም «አቁም» የሚለው ሲግናል፣ ለባሹ ይደርሰዋል፣ ባሹ ይሞታል፣ ሱፐርቫይዘር «ቆሟል» ይላል። ፕሮግራሙ ግን ወላጅ አልባ ሆኖ በፒድ 1 (ሰርቨሩ ሲነሣ መጀመሪያ በሚነሣው ፕሮሰስ) ስር መሮጡን ይቀጥላል። እንደገና ስታርት ሲባል ሁለት ይሆናሉ። የኛ ኤስኤምኤስ ላኪ ያልተላኩትን ከዳታቤዝ እያነበበ ስለሚልክ ሁለቱም አንዱን መልእክት ይልኩታል፤ ፋርማሲው «ትእዛዝዎ ወጥቷል» የሚል መልእክት ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል፣ ክፍያውም እጥፍ ነው። መፍትሔው የስክሪፕቱ የመጨረሻ መስመር ላይ ኤግዜክ ማስቀደም ነው፤ ባሹ ቦታውን ከነፒዱ ለፕሮግራሙ ይለቃል፣ ሱፐርቫይዘርም እውነተኛውን ልጅ ያገኛል። ይህ የማይቻል ከሆነ ሲግናሉ ለፕሮሰሱ ግሩፕ በሙሉ እንዲሄድ የሚያደርግ ቅንብር አለው፤ ሳይባል ግን አያደርገውም። በተመሳሳይ ምክንያት ራሱን ወደ በስተጀርባ የሚወስድ፣ ዲሞን የሚሆን ፕሮግራም አትስጡት። ፎርክ አድርጎ ልጁን ትቶ ራሱ ስለሚወጣ ሱፐርቫይዘር የሚያየው ወዲያው የሞተ ልጅ ነው። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ከፊት እንዲሮጡ የሚያደርግ ምርጫ አላቸው፤ እሱን ፈልጉ።

ሦስተኛው ሱፐርቫይዘር ራሱ ሲሞት ነው። በሲግኪል ከተገደለ ልጆቹ አብረውት ላይሞቱ ይችላሉ፤ ወደ ፒድ 1 ይዛወራሉ። አዲስ የተነሣው ሱፐርቫይዘር አሮጌዎቹን መልሶ ልጆቹ ሊያደርጋቸው አይችልም፤ ማደጎ የሚባል ነገር ከርነሉ ጋ የለም፣ ዌይትፒድ ቢጠራም ልጅ የለህም ይባላል። ስለዚህ አዲስ ይወልዳል። ፖርት የሚይዝ ፕሮግራም ከሆነ አዲሱ ፖርቱ ተይዟል እያለ ይወድቃል፣ ፌታል ይደርሳል፤ አገልግሎቱ ግን በአሮጌው እየተሰጠ ነው! ስታተሱና እውነቱ የሚጋጩበት ሌላው ቦታ ይህ ነው። እንዲህ ካያችሁ አሮጌውን ፈልጋችሁ በሲግተርም አሰናብቱት፣ ከዚያ ስታርት በሉ።

ዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል ዝግ ክፍል ውስጥ የሚያስሮጥ መሣሪያ) ውስጥ የምታስገቡት ከሆነ አንድ ነገር ላሳስብ። ዶከር በራሱ የሚያየው የኮንቴይነሩን የመጀመሪያ ፕሮሰስ ብቻ ነው፤ እሱ ሱፐርቫይዘር ከሆነ ውስጥ ያለው አፕ ፌታል ላይ ቢሆንም ዶከር ኮንቴይነሩ ደኅና ነው ይላል። አንድ ኮንቴይነር ለአንድ ፕሮግራም ይሁን፤ ሱፐርቫይዘር እዚያ አያስፈልግም።

አገልግሎቶችን የሚያስነሣውና የሚጠብቀው የሊኑክስ የራሱ ሲስተምዲ እያለ ለምን ትላላችሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሲስተምዲ እ.ኤ.አ. በ2010 መጥቶ ዛሬ በኡቡንቱም በዴቢያንም ፒድ 1 እሱ ነው። እያንዳንዱን አገልግሎት በሲግሩፕ (ከርነሉ ፕሮሰሶችን በቡድን በሚይዝበት ዘዴ) ስለሚከልል የልጅ ልጅ አያመልጠውም። ፕሮግራሙ በየጊዜው «አለሁ» እንዲለው አድርጎ ዝም ሲል የሚያስነሣበት ዋችዶግ አለው። ተነሥቶ መውደቅንም ይገድባል፤ ሲጫን በ10 ሴኮንድ ውስጥ 5 ጊዜ ነው። ያነሣኋቸውን ሦስቱንም ድክመቶች በተሻለ መንገድ ይይዛል። ዳታቤዙንና ዌብ ሰርቨሩን ለሱ የተውኩት ለዚህ ነው፤ ሱፐርቫይዘርን ራሱንም የሚያስነሣው እሱ ነው። ሱፐርቫይዘር የሚበልጥበት አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች ነው። ሩት (የሰርቨሩ ሙሉ ሥልጣን ያለው ዩዘር) ሳይሆኑ፣ ሱፐርቫይዘር ትእዛዝ የሚቀበልበት የሶኬቱ ፈቃድ ብቻ ተሰጥቷቸው፣ የራሳቸውን ፕሮግራም ያስነሣሉ፣ ያቆማሉ፣ ሎጉን በቀጥታ ያያሉ። አንድ ዓይነት ፕሮግራም 4 ቅጂ ይሩጥ ማለትም ሁለት መስመር ነው። ሰው ያላቸው፣ ሲስተምዲን በደንብ የሚያውቁ ቢሮዎች ግን ሱፐርቫይዘርን መጨመር ግዴታ የለባቸውም።

ስትጭኑት ከኡቡንቱ ማከማቻ በአፕት መውሰድ ይበቃል፤ ሰርቨሩ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣ ያደርገዋል። በፓይተን የራሱ መጫኛ በፒፕ ከጫናችሁት ይህን ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ። ፓይተን 3 ላይ የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 4.0 ጀምሮ ነው። ከ3.3.3 ያነሰ አሮጌ ቅጂ የትም ቦታ ካያችሁ አስወግዱት፤ ሱፐርቫይዘር ከሩቅ ትእዛዝ በሚቀበልበት በኤክስኤምኤል አርፒሲ በኩል የገባ ሰው ሰርቨሩ ላይ የፈለገውን ትእዛዝ እንዲያስሮጥ የሚያስችል ቀዳዳ እ.ኤ.አ. በ2017 ተገኝቶበት ነበር። ፖርት 9001 ላይ የሚከፈት ዌብ ገጽም አለው፤ ሲጫን ዝግ ነው፣ ዝግ ይሁን። የግድ ካስፈለገ በ127.0.0.1 ላይ ብቻ፣ በፓስዎርድ። እኔ ከቢሮ ውጭ ስሆን በኤስኤስኤች ገብቼ ስታተስ እላለሁ፤ ለዚያ ዌብ ገጽ አያስፈልገኝም።